ዜሮ የሌላቸው ካርዶች

ዘበኛው ዓም ራጋብ ያን ዓርብ ጠዋት የማሽኑን ክፍል የከፈተው ማቀዝቀዣውን ሊያጠፋ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም አድሮ እንቅልፍ ነስቶታል። በሩን ገፋ ሲያደርግ ከብረቱ የካርድ መደርደሪያ ሥር አንድ ጥቁር ጫማ አየ። ሰው የረሳው መስሎት ሊያነሳው ጎንበስ ቢል እግር አለበት። ጩኸቱ መንገድ ተሻግሮ ፉል ሻጩ ድረስ ተሰማ።

የጊዛ ፖሊስ መርማሪ ሻምበል ኢድሪስ ይማም ሲደርስ ሬሳው በሆዱ እንደተደፋ ነበር። እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ገለበጠው።

የሞተው ዓብዱልወሃብ ነው። ከወሎ ደረሳ ሆኖ፣ ሃይማኖት ሊማር ካይሮ የመጣ፣ ቡላቅ አል-ዳክሩር በሚገኘው የኢድሪስ አባት ቤት ተቀምጦ የውርስ ክፍፍል ሕግ የተማረ፣ ከአንድ ሳህን አብሮት የበላ ልጅ። ኢድሪስ ካይሮ ተወልዶ ካይሮ ያደገ ይሁን እንጂ አባቱ ሸኽ ይማም የወረኢሉ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ ከአማርኛ ሌላ አይነገርም። በሥራው ዘመን ስንት ሬሳ ገልብጧል፤ የሚያውቀውን ፊት ሲገለብጥ ግን የመጀመሪያው ነበር። ሰው ፊቱን እንዳያይበት ማስታወሻ የሚፈልግ መስሎ ኪሱን ዳበሰ።

ሐኪሙ ከመደርደሪያው የብረት ጠርዝ ላይ የደረቀውን ደም አሳየው። "ተገፍቶ ማጅራቱን ነው የተመታው። ሰዓቱን አትጠይቀኝ፤ ክፍሉ በረዶ ቤት ነው፣ ሬሳው ምንም አይነግረኝም። አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ ወዲያው አልሞተም። ሰው ቶሎ ቢደርስለት ይተርፍ ነበር።"

ሰዓቱን የነገራቸው ማሽኑ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በስልሳዎቹ መጀመሪያ በመላው ካይሮ በጣት የሚቆጠሩት እነዚያ ክፍል የሚያክሉ የሂሳብ ማሽኖች፣ ዛሬ ኮምፒውተር የምንላቸው፣ መልሳቸውን የሚሰጡት በወፍራም ካርድ ላይ ቀዳዳ እየበሱ ነበር። ይኸኛው የመሬት ውርስ ለሚያከፋፍል አንድ መሥሪያ ቤት ይሠራል። ማሽኑ አጠገብ ባለችው የጽሕፈት መኪና ላይ የመጨረሻው ሥራ ሰዓት ተጽፎ ይታያል፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት። የበሳቸው ካርዶችም ሳጥኑ ውስጥ ተደርድረዋል።

"ስለዚህ በአንድ ሰዓት በሕይወት ነበር፣ እየሠራ ነበር" አለ ኢድሪስ። "ከዚያ በኋላ ማን ገባ?"

"አንድ ሰው ብቻ፣ ባሻ" አለ ዓም ራጋብ። "ያ ሐበሻው ጓደኛው። ሐሙስ ሐሙስ ከመግሪብ ሰላት በኋላ ይመጣል፤ አብረው ፉል ሊበሉ ይሄዳሉ። ትናንት ግን ገብቶ ወዲያው እየሮጠ ወጣ። ብጠራው ዞርም አላለ።"

ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እስከ ቀትር ድረስ ገብረእግዚአብሔር የሚባለው ልጅ አባሲያ ሰፈር ከሚማርበት ከቤተክርስቲያን ግቢ ተይዞ ጊዛ ጣቢያ ገባ። የኢድሪስ አለቃ እጁን አሻሸ። "ኸላስ፣ አለቀ! ነገ ጠዋት ዐቃቤ ሕጉ ይመጣል፣ እናስረክበዋለን። ይህ አንገትን ገመድ ውስጥ ነው የሚያስገባው። አንተ ቋንቋውን ስለምታውቅ ቃሉን ብቻ ተቀበልልኝ።"

*

ገብረእግዚአብሔር ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ተቀምጧል። ጠጉሩን አጭር የተቆረጠ፣ እጀ ጠባቡ በአንገቱ የሰፋው ቀጭን ልጅ ነው። ኢድሪስ በአማርኛ ሰላም ሲለው ዓይኑ እንባ ሞላ።

"ጌታዬ፣ እርስዎ ሐበሻ ነዎት?"

"እኔን ተወኝ። ለምን ሮጥክ?"

"ሞቶ ነው ያገኘሁት። እጁን ብይዘው ቀዝቃዛ ነው። ድርቅ ብሏል። ማለቴ... ማን ያምነኛል ብዬ ፈራሁ።"

"ማሽኑ እንደሚለው ያኔ ከሞተ አንድ ሰዓት አልሞላውም። ድርቅ አይልም።"

"እኔ ስደርስ ደርቆ ነበር!" ልጁ ከመሬት ተነሳ። "አባቴን ቀብሬያለሁ፣ ሬሳ አውቃለሁ። ማሽናችሁ የፈለገውን ይበል።"

"ባለፈው ሳምንት ተጣልታችኋል ይባላል።"

"አገርህ ግባና አስተምር ስለው እምቢ አለኝ። ጮህኩበት። እንዲህ ብዬ ስለጮህኩበት ነው የምሰቀለው?"

ኢድሪስ ቃሉን ጻፈና ወጣ። ልጁ ሲዋሽ አልታየውም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደው፤ አንዱ መዋሸት አለበት፣ ወይ ሰው ወይ ማሽን፤ ማሽን ደግሞ ምን በወጣው ይዋሻል?

*

ማሽኑን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። ታናሽ ወንድሙ ዩሱፍ እዚያው ክፍል ከዓብዱልወሃብ ጎን ነው የሚሠራው። ሁለቱንም አባታቸው ናቸው የውርስ ሂሳብ ያስተማሯቸው፤ ሁለቱም በዚያው ሙያ ማሽኑ ዘንድ ተቀጠሩ። ዩሱፍ የቤቱ ኩራት ነው። በመጪው ወር ያገባል፤ ዓባይን የሚያይ የፎቅ ቤት እንኳ በማይታመን ርካሽ ኪራይ አግኝቷል። ሸኽ ይማም ያን ቤት ሳያነሱ ሰላምታ አይጨርሱም።

ዩሱፍ እናታቸው የተወችው አሮጌ ሶፋ ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል።

"ወንድምጋሼ፣ እውነት ነው እንዴ? ዓብዱል?"

ኢድሪስ አቀፈው። ሁለቱም ትንሽ አለቀሱ። ከዚያ ሥራ ሥራ ነውና ጠየቀው። "ትናንት መቼ ተለያያችሁ?"

"ሥራ ሲያበቃ፣ ከቀትር በኋላ። እሱ አንድ የውርስ ፋይል አለብኝ ብሎ ቀረ። ማታማ እዚሁ ነበርኩ፣ አብረን መግሪብ ሰግደን የለ? እራትም ቀርቦ..."

"ሆዴን አመመኝ ብለህ አልበላህም።"

"አዎ፣ ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ አበላሸሁባችሁ።"

"ማሽኑ ሰዓቱን ከየት ያመጣዋል?"

"ራሱ ያውቃል። ሰዓቱ ከውስጡ ነው።" ዩሱፍ አፍንጫውን ጠረገ። "ያ ልጅ ነው አይደል? የቤተክርስቲያኑ? ዓብዱል ያመነው ነበር እኮ።"

ኢድሪስ ራሱን ነቀነቀ። ወንድሙ የነበረበትን ቦታ ከማንም መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ምስክሩ ራሱ ነው፣ ከጎኑ ሰግዷል። ይህን አስቦ በሐዘኑ መካከል እፎይ አለ። ወደ በኋላ ይህቺ እፎይታ ትዝ ስትለው ታሳፍረው ነበር።

*

የማሽኑ ክፍል ኃላፊ ዶክተር ሻኪር ባሕር ማዶ የተማረ፣ ክራባቱን ዓርብም የማይፈታ ሰው ነው። እዚያው ማሽኑ ፊት ቆሞ ከሟቹ ጋር መጣላቱን ሳይጠየቅ ተናገረ።

"ደደብ አልነበረም፣ ግትር ነበር! ካርዱ ላይ ለእያንዳንዱ ቁጥር አራት ዓምድ ሰጥተነዋል። ስምንትን ለመጻፍ አንድ ዓምድ ይበቃል፤ የቀሩት ሦስቱ ባዶ ይሆናሉ። ማሽኑም ሲፈጠር ባዶ ነው የሚተዋቸው። እሱ ግን ለብቻው ፕሮግራም ጽፎ ሦስት ዜሮ ይደረድርባቸው ጀመር። ዜሮ ዜሮ ዜሮ ስምንት! ለምን ብለው ምን አለኝ መሰለህ? ባዶ ዓምድ ክፍት በር ነው።"

"ምን ማለቱ ነው?"

"ባዶው ላይ ሰው በእጅ መብሻ አንድ ቀዳዳ ቢጨምር ስምንቱ አሥራ ስምንት ይሆናል። ዜሮ በተበሳበት ላይ ቢጨምርበት ግን ማሽኑ ካርዱን አያነበውም፣ ይተፋዋል። እዚህ ሌባ አለ ወይ ብዬ ጮህኩበት። ዝም አለኝ።"

"ሌላስ በምን ተጣላችሁ?"

"ድርሻውን በነጥብ ጻፍ አልኩት፣ ከነጥብ በኋላ ሁለት ቁጥር፣ ዓለም እንደሚጽፈው። እሱ ከሃያ አራት እጅ፣ ከሃያ ሰባት እጅ እያለ እንደ መድረሳ ይጽፋል። 'ዶክተር፣ በአንተ አጻጻፍ የአንዱን ቤተሰብ ድርሻ ብደምረው ከአንድ ይበልጣል፤ ትርፉን መሬት ከማን እርሻ ላይ ልቁረጥ?' ብሎ ሰው ፊት አሳቀብኝ።"

"ትናንት ከሥራ በኋላ የት ነበርክ?"

ዶክተሩ ቀላ። "ሲኒማ።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን።"

ኢድሪስ ነገሩን ገጣጠመ። የተዋረደ አለቃ፣ ቁልፍ በእጁ ያለው፣ ምስክር የሌለው። እንግዲህ ይሄ ሰውዬ ማታ ተመልሶ... ግን በአንድ ሰዓት ሲመጣ ዓም ራጋብ ባየው ነበር። ያቺ ሰዓት እንደ ግንብ ቆማ አላሳልፍ አለችው።

"ማሽኑ ግን ሰዓቱን ሊሳሳት ይችላል?" ሲል ጠየቀ፣ ተስፋ ቆርጦ።

"ማሽኑ?" ዶክተር ሻኪር ግራ ተጋባ። "ማሽኑ ሰዓት የለውም እኮ! መጀመሪያ በሚገባው ካርድ ላይ ሠራተኛው በስቶ ይነግረዋል፤ እሱም የተነገረውን መልሶ ይጽፋል። እኩለ ቀን ላይ እኩለ ሌሊት ነው ብትለው እኩለ ሌሊት ይልልሃል። ማን ነው ሰዓቱን ራሱ ያውቃል ያለህ?"

ኢድሪስ የጽሕፈት መኪናዋ ላይ ያለውን ሰዓት እንደገና አየው።

ዩሱፍ ተሳስቶ ይሆናል፣ አለ ለራሱ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ምን የማይቀባጥረው አለ።

"የመጨረሻዎቹን ካርዶች አንብብልኝ" አለ።

ዶክተሩ ካርዶቹን ወደ ማተሚያው አስገባቸው። በወረቀቱ ላይ የአንድ ቤተሰብ ውርስ ወጣ። ሚስት ሦስት። ሁለት ሴት ልጆች ስምንት፣ ስምንት። አባት አራት፣ እናት አራት። ከቁጥሮቹ ፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው። ዜሮ የለም።

"በመጨረሻ ሰምቶኛል ማለት ነው" አለ ዶክተሩ፣ የማዘን ያህል። "ዜሮውን አንስቶታል።"

ኢድሪስ ወደ ዓብዱልወሃብ ጠረጴዛ ሄደ። ባለ ዜሮው ፕሮግራም፣ ያ የካርድ ክምር፣ በቀይ ላስቲክ እንደታሰረ ተቀምጧል። በላስቲኩ ላይ በእጁ ጽሕፈት 'ለሐሙስ ሥራ' የምትል ብጣሽ ወረቀት ተሰክታለች። አልተፈታም። ወደ ማሽኑ አልገባም። ታዲያ ይህን ፋይል የሠራው ዓብዱልወሃብ አይደለም። ሌላ ሰው በቀን ሠርቶት፣ የማታ ሰዓት ነግሮት፣ ሟቹ ከሞተ በኋላ ሲሠራ የነበረ አስመሰለው። ገብረእግዚአብሔር እውነቱን ነው፤ እሱ ሲደርስ ሬሳው ደርቆ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ማን እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሆን ብሎ ሰዓቱን በዚያ ልጅ አንገት ላይ አሰረለት።

ዶክተር ሻኪርን ቀና ብሎ አየው። "አንተ ይህን ሂሳብ መሥራት ትችላለህ?"

"በነጥብ ከሆነ አዎ። ይህን ግን..." ዶክተሩ ጣቱን በወረቀቱ ራስጌ ላይ አሳረፈ። "ይህን ራሴም አይገባኝም። ለምን ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ይጽፋሉ? ሃያ አራት፣ ከዚያ ሃያ ሰባት። በየትኛውም የመሥሪያ ቤት ፋይል እንዲህ አይጻፍም። ሃያ ሰባቱ ይበቃ ነበር።"

ኢድሪስ ወረቀቱን ተቀብሎ አየ። እሱ ገብቶታል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ገብቶታል።

*

ሸኽ ይማም ከአስር ሰላት በኋላ ምንጣፋቸው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ስለ ደረሳቸው ሲያለቅሱ ውለው ጺማቸው ረጥቧል። ዓይናቸው ደክሟልና ኢድሪስ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ያዘላቸው።

"አባባ፣ ይህን የማን ሥራ ይሉታል?"

ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው ጣታቸውን በቁጥሮቹ ላይ አስኬዱ። ፊታቸው ቀስ እያለ በራ፤ ቀኑን ሙሉ ያልታየ ፈገግታ መጣ።

"የኛ ነዋ! እይ፣ ውርሱ ከሃያ አራት እጅ ነበር፤ ድርሻው ሲደመር ሃያ ሰባት ሆነ፣ ስለዚህ የሁሉም ድርሻ በልክ አነሰ። ያነሰባቸው ለምን እንደሆነ እንዲያውቁ የፊቱን ቁጥር ከኋለኛው ጎን አስቀምጡ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። አባቴ ነው ያስተማረኝ። ካይሮ ውስጥ ከናንተ ከሦስታችሁ በቀር እንዲህ የሚጽፍ የለም። አንተማ ሸሽተህ ፖሊስ ሆንክ።"

"ከሦስታችን የማን ነው ታዲያ?"

"የዩሱፍ ነው።" ሸኹ ሳቁ፣ የምስጋና ሳቅ። "ዓብዱልማ፣ አላህ ይማረውና፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ዜሮ ሳይደረድር አይጽፍም። ልጄ ያለ ዜሮ ነው የሚጽፈው። እንዴት ያማረ ሥራ ነው፣ የሴቶቹን ድርሻ እንኳ አላዛነፈም። ለምን ጠየቅኸኝ?"

አባቱ ፈገግ እንዳሉ ይጠብቁታል። ፈገግታው ቦታውን ሳይለቅ መልኩ ተለወጠ፤ መጀመሪያ ዓይናቸው፣ ከዚያ ከንፈራቸው።

"ኢድሪስ። ይህ የመቼ ሥራ ነው?"

"የትናንት፣ አባባ።"

ወረቀቱ ከሽማግሌው እጅ ወደቀ። ማንም አላነሳውም።

*

ዩሱፍ ጓሮ ነበር፤ ከተሰጣው ልብስ መካከል ቆሞ ወደ ባቡር ሐዲዱ ያያል። ኢድሪስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አናገረው።

"ማሽኑ ሰዓት የለውም።"

ዩሱፍ አልዞረም። ባቡር መጣ፣ አለፈ።

"ትናንት ምሳ ላይ አልነበርክም" አለ ኢድሪስ። "የመጣኸው ከአስር ሰላት በኋላ ነው። እጅህን ስትታጠብ ቆይተህ ቆይተህ፣ ውሃ ጨረስክ ብዬ ቀለድኩብህ። ዘበኛው ሳያይህ፣ ሲሰግድ መሆን አለበት የወጣኸው።"

"ወንድምጋሼ..."

"ቤቱን ማን ሰጠህ? ዓባይን የሚያየውን?"

ይህ ሲነሳ ተሰበረ። አንድ የመሬት ደላላ ነው የሰጠው። በምላሹ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ፤ በአንድ ካርድ ባዶ ዓምድ ላይ አንዲት ቀዳዳ። አራት የነበረው አሥራ አራት ሆነ፤ የአንዲት ባልቴት እርሻ ሄደ። ዓብዱልወሃብ ደረሰበት። ዩሱፍን አላጋለጠም፤ ዝም ብሎ በየባዶው ዜሮ መደርደር ጀመረ፤ በሩን በፊቱ ዘጋበት። ደላላው ደግሞ ሌላ ፋይል አመጣ፤ ያንኑ የሐሙሱን።

"ይህን አንድ ብቻ ያለ ዜሮ አውጣልኝ ብዬ ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅሁ፣ ወላሂ። 'ነገ ለሸኹ እነግራለሁ' አለኝ። ለአባባ! ለፖሊስ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ገፋሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገፋሁት።"

"ከዚያስ?"

ዩሱፍ የተሰጣውን ልብስ ጫፍ ጨበጠ።

"ሐኪሙ ወዲያው አልሞተም ብሏል። ከዚያስ?"

"ያቃስት ነበር።" ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆነ። "ስሜን ይጠራ ነበር። ሰው ልጥራ ብዬ በሩ ድረስ ሄጄ ነበር። ከዚያ ቢድን ይናገራል ብዬ... ማሽኑን አስነሳሁት። ሲበሳ በጣም ይጮኻል። እሱ ሲጮህ ሌላው አይሰማም።"

ኢድሪስ ሌባ ጠብቆ ነበር፣ የተናደደ ሰው ጠብቆ ነበር። ሰው እየሞተ ባጠገቡ ሆኖ ሚስት ሦስት፣ ልጅ ስምንት እያለ በትክክል የሚያካፍል ሰው አልጠበቀም፤ ያውም የራሱ ወንድም። ያቺን ትንሽ እጅ ይዞ ስንት መንገድ እንዳሻገረ ትዝ አለው።

"ያን ልጅስ? ገብረእግዚአብሔርን?"

"እሱን አላውቀውም" አለ ዩሱፍ። "የማላውቀው ሰው ነው ብዬ..."

ኢድሪስ ካቴናውን አወጣ። ሁለት ጊዜ ሳተው፤ ሦስተኛውን ዩሱፍ ራሱ እጁን አስጠግቶ አገዘው። በቤቱ መካከል ሲያልፉ ሸኽ ይማም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ተቀምጠዋል። ዩሱፍ "አባባ" አለ። አልዞሩም።

*

ቅዳሜ ጠዋት ኢድሪስ ዐቃቤ ሕጉ ፊት ለአለቃው ሁለት ነገር አስረከበ፤ የወንድሙን ቃልና የራሱን መልቀቂያ። አለቃው የመጀመሪያውን ሲያነብ ሲጋራው ጣቱን አቃጠለው። ሁለተኛውን ሳያነብ ቀደደው። ገብረእግዚአብሔር ከሰዓት በኋላ ተፈታ።

ማምሻውን ኢድሪስ ቤት ሲገባ አባቱ ትናንት ከነበሩበት ቦታ አልተነቃነቁም። መብራትም አላበሩም።

"ባታሳየኝ ኖሮ?" አሉ።

"ያ ልጅ ይሰቀል ነበር፣ አባባ።"

"አላውቀውም ብልህስ? የዓብዱል ነው ብልህስ ኖሮ?"

"እውነቱን ነው የነገሩኝ።"

"አውቄ አልነገርኩህም። ኮርቼ ነው የነገርኩህ።" ሽማግሌው ምንጣፉን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። "ያ ክርስቲያኑ ልጅ እራቱን የት ይበላል?"

"እንጃ። ከዓብዱል ጋር ነበር የሚበላው።"

"ጥራው።"

ገብረእግዚአብሔር መጣ። በር ላይ ቆሞ መግባት ፈራ፤ ሸኹ ራሳቸው ተነስተው እጁን ይዘው አስገቡት። ሦስቱም ከአንድ ሳህን ዙሪያ ተቀመጡ፤ ሁለት ሰው የጎደለበት ሳህን ሰፍቶ ነበር። ሸኽ ይማም ፉሉን በዳቦ ጠቅልለው ለእንግዳው አጎረሱት። ልጁ ጎረሰ፣ ግን መዋጥ አቃተው፤ ጉንጩን እንደሞላው ማልቀስ ጀመረ።

"ብላ ልጄ" አሉት ሸኹ። "የዓብዱልን ድርሻ ነው የምትበላው።"